የ2019 ጳጉሜ 6 ቀን እንደሚኖራት እናውቃለን፤ በልጉ መዝነቡን ግን አናውቅም። ለምን?

ሁለት ጥያቄ ላቅርብላችሁ። የ2019 ጳጉሜ ስንት ቀን አላት? በሚቀጥለው ዓመት ደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ ላይ በልጉ በደንብ ይዘንባል?

የመጀመሪያው መልሱ 6 ነው። "ይመስለኛል" የለበትም። ሁለተኛውን ግን ለጋምቦ ተወልዶ እዚያው ያረጀ፣ ዕድሜ ልኩን በልግ ሲጠብቅ የኖረ ገበሬ ብትጠይቁት "አላህ ያውቃል" ይላችኋል። ብዙ ምልክት ይቆጥርላችኋል። የንፋሱን አነፋፈስ፣ የደመናውን አመጣጥ ያወራችኋል። መጨረሻ ላይ ግን ያው "አላህ ያውቃል" ነው።

ገበሬው ከቀን ቆጣሪው ያነሰ እውቀት ኖሮት አይደለም። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚመለሱበት የማሰቢያ መንገድ ይለያያል። አንዱ ዲዳክቲቭ፣ ሌላው ኢንዳክቲቭ ይባላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ የገባ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመቱ የሎጂክ ኮርስ ላይ ያገኛቸዋል። አብዛኛው ሸምድዶ ይፈተንና ይረሳቸዋል። እኔን ይቆጨኛል። ዘር የሚዘራው፣ መድኃኒት የሚታዘዘው፣ ሰው የሚታማውም የሚፈረድበትም በእነዚህ በሁለቱ ነው። የትኛውን እየተጠቀምን እንደሆነ ካወቅን ምን ብለን መጠየቅ እንዳለብንም እናውቃለን።

ዲዳክቲቭ ምንድን ነው?

መነሻ የምናደርጋቸው ሐሳቦች አሉ። ከእነሱ ተነስተን የምንደርስበት መደምደሚያ አለ። መነሻዎቹን "እውነት ናቸው" ብለን ከተቀበልን በኋላ መደምደሚያውን መካድ የማንችል ከሆነ፣ አስተሳሰቡ ዲዳክቲቭ ነው። የግድ ነው፤ መውጫ የለውም።

የጳጉሜዋን ነገር እናስላው። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ዘመን 5500 ተብሎ ይያዛል። በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረቱን እንደምራለን። 5500 ሲደመር 2019፣ 7519 ይሆናል። ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል። ለ4 እናካፍለው። 1879 ይደርሳል፣ 3 ይተርፋል። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ። ስለዚህ 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። አለቀ።

እግረ መንገዳችንን መስከረም 1 የሚውልበትንም እንይ። 7519 ላይ ያንን 1879 እንጨምርበት፤ 9398 ይመጣል። ለ7 ስናካፍለው 4 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ እየተባለ ነው የሚቆጠረው። የ2019 እንቁጣጣሽ ዓርብ ነው ማለት ነው።

ላሊበላ ያለ መሪጌታ ቢያሰላው፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለ መነኩሴ ቢያሰላው፣ ወልድያ ያለ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ቢያሰላው መልሱ አንድ ነው። ሕጉን እስከተቀበልን ድረስ ሽማግሌና ወጣት፣ የተማረና ያልተማረ እኩል ይደርስበታል። የዲዳክቲቭ ትልቁ ጥንካሬ ይህ ነው።

ወሎ ነውና የጎረቤትንም ጾም እንጨምር። ረመዳን ሊገባ ሲል ከእሱ በፊት ባለው ወር በ29ኛው ቀን ማታ ጨረቃ ትጠበቃለች። ካልታየች ወሩ 30 ይሞላል። ሕጉ ቁርጥ ያለ ነው፤ ከሕጉ ወደ መደምደሚያው የሚወስደው መንገድም እንደዚያው። "ጨረቃ አልታየችም" የሚለው መነሻ ግን የሚገኘው ከሰው ዓይን ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ዲዳክቲቭ የራሱን መነሻ ራሱ አያመጣም። ከሌላ ቦታ ነው የሚቀበለው።

ኢንዳክቲቭስ?

ባቲ፣ የሰኞ ገበያ። አንዲት እናት ጤፍ ልትገዛ ጆንያ ፊት ቆማለች። ሻጩ የጆንያውን አፍ ወደ ውጭ አጥፎታል። ከላይ የሚታየው ጤፍ ነጭ ነው፣ ጥርት ያለ ነው።

"እናቴ ትሙት እማማ፣ ከላይ ያዩት ነው ከታችም ያለው።"

"እስቲ ልየው ልጄ።"

እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ትሰደዋለች። ከታች አንድ እፍኝ ታወጣለች። ከጥጉ ሌላ። መዳፏ ላይ ዘርጋ ታደርገውና በጣቷ ታሸዋለች። እፍ ትለዋለች። ትንሽ አፏ ውስጥ ጣል አድርጋ አሸዋ እንዳለው በጥርሷ ትሞክራለች። ከዚያ ነው ዋጋ የምትጠይቀው።

ያየችው ሁለት እፍኝ ነው። የፈረደችው ግን ስለ ኩንታሉ በሙሉ ነው። ካየነው ተነስተን ስላላየነው ስንናገር ኢንዳክቲቭ ይባላል። ሁለቱም እፍኝ ንጹህ ሆኖ፣ እጇ ያልደረሰበት ቦታ ገለባ ሊኖር ይችላል። መነሻው እውነት ሆኖ መደምደሚያው ሊያሳስት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ኢንዳክቲቭ ላይ "የግድ" የሚባል ነገር የለም። ያለው "ጠንካራ" እና "ደካማ" ነው።

ይህች እናት ያደረገችው ነገር ስታቲስቲክስ ክፍል ውስጥ በብዙ ሰዓት የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሻጩ ያሳያትን አልተቀበለችም። ራሷ መርጣ ከተለያየ ቦታ ወሰደች። ከላይ ብቻ አሥር እፍኝ ብታይ ኖሮ፣ ከታች ያወጣቻትን አንዲት እፍኝ ያህል አይጠቅማትም ነበር።

"ከአጠቃላይ ወደ ዝርዝር፣ ከዝርዝር ወደ አጠቃላይ" አይደለም እንዴ ልዩነቱ?

እንደዚያ ነው የሚባለው። ፈተና ላይም እንደዚያ ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን አያስኬድም።

ይህን ተመልከቱ። አንድ ቤት ሦስት ልጆች ብቻ አሉ፦ ሰይድ፣ ከድጃና አበበ። ሰይድ የኩፍኝ ክትባት ወስዷል። ከድጃ ወስዳለች። አበበ ወስዷል። ስለዚህ የቤቱ ልጆች ሁሉ ክትባት ወስደዋል። ከዝርዝር ተነስተን ወደ አጠቃላይ ሄድን። ግን መካድ አይቻልም፤ ዲዳክቲቭ ነው። ሁሉንም ቆጥረናላ!

ደግሞ በተቃራኒው፦ የቆቦ ገበሬዎች አብዛኞቹ ማሽላ ይዘራሉ። ይህ ሰው የቆቦ ገበሬ ነው። ስለዚህ ማሽላ ይዘራል። ከአጠቃላይ ወደ አንድ ሰው ወረድን። ሰውየው ግን ከጥቂቶቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። ኢንዳክቲቭ ነው።

ልዩነቱ የአቅጣጫ አይደለም። መነሻው እውነት ከሆነ መደምደሚያው *የግድ* እውነት ይሆናል ወይስ *ሳይሆን አይቀርም*? መለያው ይህ ነው። ተማሪዎች ይህችን ብቻ ቢይዙ ሌላው ሁሉ ይቀላቸዋል።

ዲዳክቲቭ የግድ ከሆነ፣ እንዴት ይሳሳታል?

ዲዳክሽን እንደ ወፍጮ ነው። ያስገባችሁለትን ይፈጫል። እንክርዳድ ያለበት ስንዴ ካስገባችሁ እንክርዳድ ያለበት ዱቄት ይሰጣችኋል። ወፍጮው ደህና ነው። ችግሩ ከአፉ በፊት ነው።

"የወሎ ሰው ሁሉ ዘፋኝ ነው። እገሌ ወሎዬ ነው። ስለዚህ ዘፋኝ ነው።" አያያዙ እንከን የለውም። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ግን ሐሰት ናት። አምባሰልና ባቲ የሚባሉ ቅኝቶች ስማቸውን ከዚህ አገር ወስደዋል፤ እውነት ነው። ያም ሆኖ አንድ መስመር ማዜም የማይችል ወሎዬ ሞልቷል። "በትክክል የተያያዘ ክርክር" እና "እውነተኛ ክርክር" ለየብቻ ናቸው። ብዙ ጮሌ ተናጋሪ የሚያሸንፈን እዚህ ጋ ነው። አያያዙ ሲያምርብን መነሻውን መመርመር እንረሳለን።

ይህ ስህተት በዓለም ትልልቅ አእምሮዎች ላይም ደርሷል። ዩራነስ የተባለችው ፕላኔት እ.ኤ.አ. በ1781 ከተገኘች በኋላ፣ መንገዷ ከስሌቱ ዘወር እንደሚል ታየ። ፈረንሳዊው ኧርባን ለቬሪዬ እንዲህ አሰበ፦ የኒውተን የስበት ሕግ ትክክል ነው፤ የምናውቃቸው ፕላኔቶች ብቻቸውን ዩራነስን እንዲህ አያዛንፏትም፤ ስለዚህ ያላየነው ሌላ አካል እየሳባት ነው። ያ አካል የት መሆን እንዳለበት በወረቀት ላይ አሰላ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23፣ 1846 ማታ በርሊን ላይ ዮሐን ጋለ ቴሌስኮፑን ወደዚያ አዞረ። ኔፕቱን ከተሰላው ቦታ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ ተገኘች። ዓይን ሳያያት ስሌት ያገኛት ፕላኔት ናት።

ለቬሪዬ በዚህ አላበቃም። ሜርኩሪም ከመንገዷ ትንሽ ትዛነፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859 ያንኑ አካሄድ ተከተለ። ለፀሐይ የቀረበ ሌላ አካል መኖር አለበት አለ። "ቩልካን" የሚል ስም ተሰጠው። ሰው ለብዙ ዓመታት ፈለገው። አየሁት ያለም ነበር። ቩልካን ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ1915 አልበርት አንስታይን ነገሩን ፈታው። ለፀሐይ በጣም በቀረበ ቦታ የተጓደለው የኒውተን ሕግ ራሱ ነበር።

አንድ ሰው ነው። አካሄዱም አንድ ነው። ስሌቱም በሁለቱም ጊዜ የረቀቀ ነበር። መነሻው አንዴ በቃ፣ አንዴ አልበቃም።

ሌላም ወሰን አለው። ዲዳክቲቭ መነሻው ውስጥ ያልነበረ አዲስ ወሬ አያመጣም። ጳጉሜ 6 መሆኗ መጀመሪያውኑ ሕጉ ውስጥ ነበረች፤ እኛ አወጣናት እንጂ አልፈጠርናትም። በልግ ይዘንብ እንደሆነ የሚናገር ሕግ በእጃችን ከሌለ፣ ቁጭ ብለን ብናሰላ ብናሰላ አንድ ጠብታ አናገኝም። ወጥተን ማየት አለብን።

ኢንዳክቲቭ ጥንካሬውን ከየት ያገኛል?

"ብዙ በማየት" ትሉ ይሆናል። ቁጥር ይጠቅማል። ከቁጥር በላይ ግን ያየነው ከየት ከየት ነው የሚለው ይበልጣል። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ላይ ለዓመታት የተለካ ሙቀት ስለ ኮምቦልቻ ብዙም አይነግራችሁም። እንደ ወሎ ደጋና ቆላው በተቀራረበበት አገር፣ በአንድ ቦታ የበዛ መረጃ ከሁሉም ቦታ የተውጣጣ ጥቂት መረጃን አይተካም።

ብዛት ብቻውን የማይታመን ለመሆኑ እኔን እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ ምሳሌ ያለው ሒሳብ ውስጥ ነው። ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ራሱ ፕራይም ነው (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል)፣ ወይም ከፕራይም ቁጥሮች ብዜት ይሠራል። 10 ሲበተን 2 × 5 ነው፤ ሁለት ቁጥር፣ ተጋማሽ። 12 ሲበተን 2 × 2 × 3 ነው፤ ሦስት ቁጥር፣ ኢ-ተጋማሽ። 1ን ከተጋማሾቹ ጋር እንቁጠረው። አሁን ከ1 ተነስታችሁ እየቆጠራችሁ ሂዱ። ከ2 ጀምሮ የትም ብትቆሙ፣ ኢ-ተጋማሾቹ ከተጋማሾቹ አያንሱም። 100 ላይ ይሠራል። ሺህ ላይ ይሠራል። ሚሊዮን ላይ ይሠራል። ጆርጅ ፖልያ የተባለ ሃንጋሪያዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1919 "ሁልጊዜ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም" አለ።

906,150,257 ላይ ሲደርስ ይፈርሳል።

ከ906 ሚሊዮን በላይ ቁጥር "አዎ" ካለ በኋላ አንዱ "አይ" አለ። ሒሳብ ሊቃውንት "እስካሁን አልተሳሳተም" የሚለውን እንደ ማረጋገጫ የማይቀበሉት ለዚህ ነው። እነሱ ዲዳክቲቭ ማስረጃ ካልመጣላቸው አይተኙም። ገበሬና ሐኪም ግን እንዲህ ዓይነት ዕድል የላቸውም። ዓለም ማረጋገጫ እስኪመጣ አይጠብቃቸውም።

የባሰው ጥያቄ የመጣው ከስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ከዴቪድ ሂዩም ነው (እ.ኤ.አ. 1711–1776)። ነገ ትናንትን እንደሚመስል በምን አወቅን? "እስከ ዛሬ ሁሌ ይመስል ስለነበር" ካልን፣ ኢንዳክሽንን በኢንዳክሽን ማስመስከር ሆነ። ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ሁሉም የተስማማበት መልስ የለም። ኢንዳክሽንን ግን ጥሎ መኖር አይቻልም። ነገ ፀሐይ መውጣቷን፣ እንጀራ ማጥገቡን የምናውቀው በእሱ ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ ምን ይመስላሉ?

ከሚሴ ወይም ቆቦ ቆላው ላይ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ አንድ ልጅ አተኮሰው እንበል። ቤተሰቡ "ወባ ነው" ይላል። ሐሳባቸው ሲተነተን እንዲህ ነው፦ ወባ የያዘውን ሰው ያተኩሰዋል፤ ልጁን አተኩሶታል፤ ስለዚህ ወባ ይዞታል።

ዲዳክቲቭ ይመስላል። አይደለም። ታይፎይድም ያተኩሳል። የሳንባ ምችም ያተኩሳል። "ወባ ከሆነ ያተኩሳል" ማለት "ካተኮሰ ወባ ነው" ማለት አይደለም። ይህ መገልበጥ ሰው ይገድላል። የሳንባ ምች ያለበት ሕፃን የወባ ኪኒን ይዞ ቤቱ ይመለሳልና።

ቤተሰቡ ግን ሞኝ አይደለም። በዚህ ወቅት፣ በዚህ ቆላ፣ ያተኮሰው ሰው ብዙ ጊዜ ወባ ሆኖ ያዩታል። ይህ ደህና ኢንዳክቲቭ ግምት ነው። ግምትነቱ ከታወቀ ወደ ጤና ኬላ ይወስዳቸዋል። እርግጠኝነት መስሎ ከታያቸው ግን ወደ መድኃኒት መደብር።

ጤና ኬላ ላይ ጣት ትወጋለች፣ ጠብታ ደም ፈጣን መመርመሪያው ላይ ትደረጋለች። አሁን ዲዳክቲቭ ሕግ ይመጣል፦ ፋልሲፓረም የተባለው ወባ ካለ መስመሩ ይወጣል፤ መስመሩ አልወጣም፤ ስለዚህ የለም። አያያዙ ትክክል ነው። መነሻውስ?

ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ኤች አር ፒ 2 የሚባል ፕሮቲን ነው። የፋልሲፓረም ተውሳክ ይህን ፕሮቲን እንደሚያመነጭ በጣም ብዙ ናሙና ታይቶ ነው መመርመሪያው የተሠራው። ኢንዳክሽን ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው ተውሳኮች ተገኙ። ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝተዋል። እነሱ ሰውየው ደም ውስጥ እያሉ መስመሩ ላይወጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት የሚያመልጠው ሕመምተኛ ከ5 ከመቶ ሲያልፍ መመርመሪያው እንዲቀየር ይመክራል። ዲዳክቲቩ ሕግ የቆመው በኢንዳክሽን መሬት ላይ ነበር። መሬቱ ሲንሸራተት ሕጉም አብሮ ሄደ።

ምርመራውን አትመኑ ማለቴ አይደለም። ምርመራ ከግምት እጅግ ይሻላል። ውጤቱ ነጻ ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ተመልሳችሁ ሂዱ፤ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ይየው።

ስለ ሰው ስንፈርድስ?

እዚህ ላይ ኢንዳክሽን ከሁሉ የከፋ ጥፋት ይሠራል። አንዱ አጭበረበረን። ሌላ የዚያው አካባቢ ሰው ሲያጭበረብር ቪዲዮ አየን። "እነሱ ሲባሉ እንዲህ ናቸው" እንላለን። እፍኛችን ሁለት ነው፤ ጆንያው ሚሊዮን ሰው ነው። እሱም ይሁን፣ እፍኙን የመረጥነው እኛ አይደለንም። ፌስቡክና ቲክቶክ የሚያስቆጣንን እየመረጡ ነው የሚያቀርቡልን። ሻጩ ከላይ ያሳየንን ይዘን ስለ ጆንያው ማልን ማለት ነው።

ቀጥሎ ዲዳክሽን ይገባል። "እነሱ እንዲህ ናቸው። ይህች ከእነሱ ናት። ስለዚህ..." አያያዙ ስለሚያምር ፍርድ ይመስላል። ልጅቷ ራሷ ምን አደረገች ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ሰሞኑን ሁሉም የሚያወራላቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቻትቦቶችም በዋናነት በኢንዳክሽን ነው የሚማሩት። ከብዙ ጽሑፍ ውስጥ የትኛው ቃል የትኛውን ይከተላል የሚለውን ይለምዳሉ። እንግሊዝኛ ላይ እፍኛቸው ትልቅ ነው። አማርኛ ላይ ትንሽ ነው። ስለዚህ ስለ ጳጉሜ ስትጠይቋቸው በልበ ሙሉነት የመለሱላችሁን በ4 እያካፈላችሁ አረጋግጡ።

በልጉስ?

ወሎ ውስጥ በልግ የወሬ ማሟያ አይደለም። በ1976 ዓ.ም. በልጉ ከሸፈ፣ ክረምቱም ተጓደለ፤ ጦርነቱ ተጨምሮበት የ1977ቱ ረሃብ መጣ። በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ደከመ፤ ኤል ኒኖ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ክረምቱን አዳክሞት ነበር። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ። ስለ ዝናብ በትክክል ማሰብ እዚህ አገር የሕይወት ጉዳይ ነው።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ለረጅም ዓመታት የተጠቀመበት አንዱ ዘዴ "አቻ ዓመት" መፈለግ ነው። ዘንድሮ የባሕሮቹ ሙቀት ምን ይመስላል? ባለፉት ዓመታት መቼ እንዲህ ነበር? በእነዚያ ዓመታት ዝናቡ ምን ሆነ? ንጹህ ኢንዳክሽን ነው። የገበሬው የንፋስና የደመና ምልክትም በመሠረቱ ከዚህ አይለይም። የሁለቱም ጥንካሬ በትናንት ላይ ነው። ድካማቸውም እዚያው ላይ ነው፤ አየር ንብረቱ ሲለወጥ፣ ባሕሩ ከዚህ በፊት ባልታየ መጠን ሲሞቅ፣ አቻ ዓመቱ ይታጣል። አባቶች "ድሮ ምልክቱ አይስትም ነበር" ሲሉ ዝም ብሎ የድሮ ናፍቆት አድርጌ አልወስደውም። የሂዩም ጥያቄ ማሳ ላይ ወርዶ ነው።

ስለዚህ ትንበያው በሦስት ተከፍሎ ይመጣል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ "ከመደበኛ በታች 50 ከመቶ፣ መደበኛ 30፣ ከመደበኛ በላይ 20" ተባለ እንበል። ዝናቡ ጥሩ ሆነ። "ዋሹን" ሊባል ነው። አልዋሹም። ጥሩ ሊሆን የሚችልበትንም መንገድ ነግረውን ነበር። እንዲህ ያለ ትንበያ በአንድ ዓመት አይፈተንም። 50 ከመቶ የተባለባቸው ብዙ ዓመታት ተሰብስበው፣ ግማሽ ያህሉ ደረቅ ሆነዋል ወይ ተብሎ ነው የሚፈተነው።

የልማት ሠራተኛው ትንበያ ይዞ ሲመጣ ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ቁጥሩ ለየትኛው አካባቢ ነው? የደሴው ለኮምቦልቻ፣ የደጋው ለቆላው አይሆንም። ሁለተኛ፣ ስለ ዝናቡ ድምር ነው ወይስ ስለ አገባቡ? በድምር መደበኛ የሆነ በልግ ዘግይቶ ከገባ፣ ደጋው ላይ የካቲት ወይም መጋቢት መዘራት የነበረበት ገብስ ይዘገያል። አጨዳው ከክረምቱ ዝናብ ጋር ይጋጫል።

ቆላው ላይ ያለው ገበሬ ለዚህ ድሮም መላ ነበረው። በበልጉ ዝናብ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ብዙ ወር የሚቆየውን ማሽላ ይዘራል። ዝናቡ ከቀረ ወይም ቡቃያው ከደረቀ አያለቅስበትም፤ ማሳውን ገልብጦ ለክረምቱ ጤፍ ወይም ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ያዘጋጃል። ለዚህ ግን ሚያዝያ ላይ ዘሩን ሁሉ አሟጦ መጨረስ የለበትም። ከጎተራው የሚያስቀረው የክረምት ዘር ምን ያህል ይሁን የሚለውን፣ 50ው፣ 30ውና 20ው ነው የሚነግረው።